ሐዘን ከሰባት

በእኛ ሠፈር ሰው ከሰው ሲገናኝ «ስንት አደርክ?» ነው የሚባባለው። «እንደምን አደርክ» የሚሉ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፤ መልሱን ግን እነሱም በቁጥር ይጠብቃሉ። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ጎረቤቴ ማክዳ ከደጃፏ ላይ ሆና ትጠይቀኛለች።

«ስንት አደርክ ገብረየስ?»

«አምስት።»

«ምነው? ትናንት ስድስት አልነበርክም?»

«ትኋን ነው።»

ትስቅና በአገጯ ወደ ቤቷ ትጠቁማለች። «የኔው ሰውዬ ዛሬም አራት ነው። ከተጋባን ጀምሮ አራት ነው። ስንጣላ እንኳ ወደ ሦስት አይወርድልኝም።»

ጥያቄው የሚመጣው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የሁሉም ሰው ጠያቂ፣ ያ በጣት የሚመለስለት ትንሽ ዕቃ፣ እኩል ይጮኻል። መጀመሪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ «ዛሬ ሕይወትዎን በአጠቃላይ እንዴት ያዩታል?» ከአንድ እስከ ሰባት። ከዚያ እንደየሰው ይለያያል። አንዱ ስለ ወገብ ሕመሙ ይጠየቃል፣ አንዷ ስለ አውቶቡሱ መዘግየት፣ ሌላው ስለ ልጁ መምህር። በዚያ ሰዓት ሠፈሩ ጭጭ ይላል። ወጥ የምታማስል ማማሰያዋን ታቆማለች፤ ጥርሱን የሚፍቅ መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ይቆማል። ሕፃናት እንኳ ለምደውታል። ከዚያ አንዱ ያስላል፣ አንዱ በር ይከፍታል፣ ቀኑ ይጀምራል።

እኔ የምሠራው መልስ ቢሮ ነው፤ የቃል ክፍል። ሥራዬ ጥያቄ ማጽዳት ነው። «የውሃ እጥረቱ ምን ያህል አስቸግሮዎታል?» የሚል ጥያቄ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ «እጥረት»ም «አስቸግሮ»ም ይወጣሉ፤ ሰውየው ገና ሳይመልስ እኛ አማርረንለታልና። ከአንድ እስከ ሰባት ባሉት ቃላት መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆኑንም አያለሁ። ከ«በትንሹ» ወደ «በመጠኑ» ያለው እርምጃ ከ«በጣም» ወደ «እጅግ በጣም» ካለው እርምጃ እንዳይበልጥ ብለን ብዙ ስብሰባ ተቀምጠናል። ቀላል ሥራ አይደለም፤ እወደዋለሁም።

ልኬቱን የሚጠሉ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ አልጠላውም። ድሮ ሐኪም የሚመደበው ባለሥልጣን ዘመድ ላለው ሠፈር እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ። የእኛ ሠፈር፣ ኮምቦልቻ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያለው፣ ሐኪም ያገኘው ሰዉ ስለ ክሊኒኩ በተጠየቀ ቁጥር ለወራት ሁለት፣ ሁለት እያለ ስለመለሰ ነው። ማንም የማንንም ደጅ አልጠናም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

በአገራችን ሰው አመል የተነሳ ግን አንድ ችግር አለ። ሰው ታሞ ተኝቶ እንኳ ሁለት ማለት ፈጣሪን ማማረር ይመስለዋል። አምስት ይልና «ተመስገን» ይጨምርበታል። ስለዚህ ቢሮው ከእንዲህ ዓይነት መልሶች ላይ ጥቂት ይቀንሳል፤ እኛ በመካከላችን «የተመስገን ቅናሽ» እንለዋለን። የሐዘን ጥያቄ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለሞተ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር መስጠት ነውር ነው። ለዚያ ግን ቅናሽ አልተሠራለትም። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ተነስቶ ነበር፤ የሰው ሐዘን ላይ ቅናሽ የሚል ቃል ማን ይጽፋል ተባለና ታለፈ።

በግቢያችን ሦስት ቤት አለ። የእኔ፣ የነማክዳ፣ የእትዬ ኖላዊት። እትዬ ኖላዊት ዓይናቸው ደክሟል፤ ልባቸውም እንዲሁ፤ ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር እንዳያገኛቸው ብሎ ለሁላችንም አስጠንቅቆናል። ያላቸው ልጅ አስናቀ ብቻ ነው። አፋር ውስጥ የእንፋሎት ጉድጓድ ላይ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ይደውላል። እናቴ በሕይወት ሳለች ገበያ ስትውል ምሳ የምበላው እሳቸው ቤት ነበር። አስናቀ ከፊቴ ድንቹን እየለቀመ ይጨርሰውና «እሱ በላው» ብሎ ያሳብቅብኝ ነበር። እሳቸው ማን እንደበላው እያወቁ ለሁለታችንም እንደገና ይጨምሩልን ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ያብስራ ሰው ልከው ከቢሮ አስጠሩኝ። ጋሽ ያብስራ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ቤታቸው ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ነው። ስገባ ማክዳ በነጠላዋ አፏን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ግባና በሩን ዝጋው» አሉኝ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ። «አስናቀ...» አሉ።

ገባኝ።

ቧንቧ ፈንድቶ ነው። የቦታው ሙቀት ስለማያቆይ ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል። መሥሪያ ቤቱ ለእድሩ የደወለው አስናቀ ራሱ የቤተሰብ ስልክ ብሎ ያስመዘገበው የእድሩን ስለሆነ ነው። እናቱ ብቻቸውን ሆነው እንዳይሰሙ አስቦ ይሆናል።

እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሞት የደረሰበት ሰው ሳይሰማ እራቱን በልቶ ይተኛል። ጎህ ሊቀድ ሲል የቅርብ ዘመድ፣ የእድር ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ያን ጊዜ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለምን እንደሚያንኳኳ ይታወቃል። የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ አለ፤ ጩኸቱን የሚቀበል ጩኸት አለ።

«ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን» አሉ ጋሽ ያብስራ። «እህቷ ሶሊያና ነገ ማታ ከወልዲያ ትገባለች። እሷ ሳትኖር አይነገርም።»

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ጥያቄ አለ» አልኩ።

«መቼ የማይኖርበት ቀን አለ?»

«የነገው ይለያል።»

አስረዳኋቸው። ሞት በተመዘገበ ማግስት ለሟቹ የቅርብ ሰው የሐዘን ጥያቄ ይመጣል። ቃሉን በልቤ አውቀዋለሁ፤ በእኔ ጠረጴዛ ነው ያለፈው። «በልጅዎ በአስናቀ ሞት ምክንያት የደረሰብዎ ሐዘን የዕለት ኑሮዎን ምን ያህል ጎድቶታል?» ንጹሕ ጥያቄ ነው። የሚያባብስም የሚያለሳልስም ቃል የለበትም። የእትዬ ኖላዊት ጠያቂ ደግሞ ዓይናቸው ስለደከመ በድምፅ ነው የሚያነበው።

ማክዳ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «እና ያ ዕቃ ነው መርዶዋን የሚነግራት? በር ላይ ሰው ሳይቆም? ማንም ሳይዛት?»

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ቅን ሴት ናት፤ ጉዳዩን ስነግራት ድምፅዋ ተለወጠ። «ጥያቄ እንዲዘገይ ማመልከት የሚችለው ራሱ መላሹ ነው» አለችኝ።

«እሳቸው እኮ ገና አልሰሙም።»

«እንግዲያው ሲሰሙ ያመልክቱ።» ካለች በኋላ የተናገረችውን እሷም የሰማችው መሰለኝ። «ደንቡ ነው፣ ገብረየስ» አለች።

ሳይመልሱ መተውም አይቻልም። ያልመለሰ ሰው ወዲያው ይደወልለትና ለምን እንዳልመለሰ፣ ስለ ምን እንደተጠየቀ ይነገረዋል።

የቀረን አንድ መንገድ ነበር። ጋሽ ያብስራ የእትዬ ኖላዊት ረዳት መላሽ ሆነው ተመዝግበዋል፤ እትዬ ሲታመሙ በእሳቸው ፈንታ የራሳቸውን ጣት ማሳረፍ ይችላሉ። ጠያቂውን በሰበብ ወስደን ጋሽ ያብስራ ቤታቸው ሆነው እንዲመልሱ ተስማማን።

«ሦስት ይበሉ» አልኳቸው። «‹በመጠኑ› ማለት ነው። ሦስት ላለ ሰው ማንም አይመጣም፤ ለድንኳንም ሦስት ቀን ይፈቀዳል። ሰባት ካሉ ግን ቢሮው የቀጠራት አጽናኝ ትላካለች፤ ወዲያው፣ በር ድረስ። እሷ ገብታ ‹በደረሰብዎ ሐዘን› ካለች መርዶው አለቀ።»

የድንኳኑን ነገር ለማያውቅ ልንገር። ድንኳን መንገድ ይዘጋል፤ ድሮ በሳምንታት ድንኳን ምክንያት አምቡላንስ ማለፊያ ያጣበት ጊዜ ነበር። አሁን ፈቃዱ የሚሰጠው ቤተሰቡ በሰጠው ቁጥር ነው። አንድና ሁለት ላለ ግማሽ ቀን፣ ሦስትና አራት ላለ ሦስት ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለ ሰባት ቀን። ሰዎች ሲሰሙት ይከፋቸዋል፤ ግን ፍትሐዊ የሆነ ሌላ መንገድ እስካሁን የነገረኝ የለም።

«ሦስት» አሉ ጋሽ ያብስራ።

«ሦስት።»

«ገባኝ።»

ማታ ላይ ወደ እትዬ ኖላዊት ቤት ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይተረትራሉ፤ ክሩን ለሌላ ሊያውሉት።

«እትዬ፣ ጠያቂዎን ለአንድ ቀን ልውሰደው። ድምፁ አልጠራም ብለው ቢሮ ሊያዩት ነው።»

«ልትወስድብኝ?» ሳቁ። «ነገ ስንት እንዳደርኩ ማን ይነግረኛል ታዲያ?»

«አንድ ቀን ይረፉ።»

«እረፍትስ ይሁን። ግን እሑድ ሳይደርስ መልስልኝ። አስናቀ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ‹ስንት ነሽ እማዬ?› ይለኛል። አምስት ካልኩት ያምነኛል፤ ስድስት ካልኩት ‹ውሸትሽን ነው፣ ምን ደበቅሽኝ?› ይለኛል።» ክሩን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። «አንተ ደግሞ ፊትህ ምን ሆኗል?»

«ሥራ ነው እትዬ።»

«ሥራህን ተወውና ብላ። ድስቱ ውስጥ አለ።»

በላሁ። ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላወቅሁም።

ዓርብ ጠዋት እኔና ማክዳ ግቢ ውስጥ ቀረን፤ እትዬ ኖላዊት ያለ ጠያቂ ብቻቸውን እንዳይሆኑ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሠፈሩ ጭጭ አለ። እኔ የራሴን መለስኩ። ሕይወትዎን በአጠቃላይ እንዴት ያዩታል፤ አምስት። በሥራ ባልደረቦችዎ ላይ ያለዎት እምነት፤ ስድስት። እትዬ ኖላዊት ደጃፋቸው ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል፤ ዕቃ ሊቀበሉ የተዘጋጁ ይመስላሉ።

«ጉድ ነው» አሉ። «ዛሬ ስንት እንደሆንኩ አላውቅም።»

«እኔ ልንገርዎ?» አለች ማክዳ። «ሰባት ነዎት። ሎሚ መስለዋል።»

«ሎሚ ይኮመጥጣል፣ አንቺ።»

መንገዱን ተሻግሬ ጋሽ ያብስራ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠዋል፤ የእትዬ ኖላዊት ጠያቂ ከፊታቸው ነው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጨረስኩ» አሉ።

«ሦስት አሉ አይደል?»

ጠያቂውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ጋሼ?»

«በስሙ ጠራው እኮ» አሉ። «‹በልጅዎ በአስናቀ ሞት› አለኝ። ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። በዚህ ክንዴ ነው የያዝኩት።»

«ስንት አሉ?»

«ሰባት።»

«ተነጋግረን ነበር!»

«ተነጋግረን ነበር። ጣቴ እምቢ አለኝ። አንተ ብትሆን ሦስት ትላለህ? እናቱ ለአንድያ ልጇ ሦስት አለች ሲባል ሰው ምን ይላል?»

«ማንም አያየውም እኮ ጋሼ!»

«እኔ አላየሁትም?»

ጠያቂው በዚያ ረጋ ባለ የሴት ድምፁ «አጽናኝ ወደ ቤትዎ በመምጣት ላይ ናት» አለ። በመስኮት አየሁ። አጽናኞች ከክሊኒኩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት፤ ከዚያ እስከ እኛ በር አጭር መንገድ ነው። ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ወጣት ከጥጉ ታጥፋ ትመጣለች። ሩጫ የለባትም፤ እንዳይሮጡ ተምረዋል።

መልስ ይታረማል፤ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የፈለጉትን ያህል መዝለል ይቻላል። ግን የተላከ አጽናኝ የሚመለሰው የታረመው መልስ ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብቻ ነው። ሦስት ቢባል መንገዷን ትቀጥላለች። ሁለት ማለት ደግሞ ለድንኳን ግማሽ ቀን ማለት ነው። ሁለቱንም አውቅ ነበር። መጀመሪያ መርዶው፣ ድንኳኑን በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

«ጋሼ፣ ጣትዎን ይስጡኝ።»

«ስንት ልትል ነው?»

«ሁለት።»

«አላደርገውም።»

«በሩ ጋ ደርሳለች። ካልተመለሰች አሁን ትነግራቸዋለች፤ ግቢው መሐል። እህታቸው የለች፣ እርስዎ የሉ። ልባቸውን ያውቁታል።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጃቸውን ግን አልሸሹም። አመልካች ጣታቸውን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ሕፃን ጣት ታዘዘኝ። «ሁለት» አለ ጠያቂው። «በትንሹ። መልስዎ ታርሟል።»

ሮጬ ስወጣ አጽናኟ ግቢ ውስጥ ገብታለች።

«እትዬ ኖላዊት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ የኔ ልጅ። ስንት አደርሽ?»

«በደረሰብዎ...» አለች። የእጅ አንጓዋ ላይ ያለው ነገር ጮኸ። ቆመች። አየችው።

«በደረሰብኝ ምን?»

«ይቅርታ እናቴ። ቤት ተሳስቼ ነው።»

«ስሜን ጠርተሽ?»

ማክዳ ያን ጊዜ ባትኖር ምን ይሆን ነበር እላለሁ። «ውይ፣ ከላይ ሠፈር ሌላ ኖላዊት አለች እኮ!» አለች እየተጣደፈች። «ያቺ ነገረኛዋ አሮጊት! ጎረቤቶቿ አንድ አንድ እየሰጡ የጨረሷት!»

«ስሜን አበላሸችው በይኛ» አሉ እትዬ ኖላዊት። ሳቁ፤ ግን የልጅቷን ካፖርት እስከ በሩ ድረስ በደከመ ዓይናቸው ተከተሉት።

አጽናኟ በር ላይ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። ያለ ትዕዛዝ እንድትናገር አይፈቀድላትም። «እግዜር ያጽናችሁ» አለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል። ሄደች።

ቅዳሜ መርዶው እንደ ወጉ ሆነ። ሶሊያና ዓርብ ማታ ገብታ ጋሽ ያብስራ ቤት አድራለች። ሰማዩ ገና ሲሳሳ ሁላችንም ወጣን። ጋሽ ያብስራ አንኳኩ። እትዬ ኖላዊት በሩን ከፍተው ፊታችንን ማየት ባይችሉም ብዛታችንን አዩ፤ ከዚያ የእህታቸውን ትንፋሽ ሰሙ። «ሶሊያና?» አሉ። «አንቺ በዚህ ሰዓት ምን ትሠሪያለሽ?» ቀጥለው «አስናቀን!» አሉ። ማንም ስሙን አልጠራላቸውም። ሲወድቁ የያዙዋቸው እጆች ብዙ ነበሩ። የሐኪሙ መድኃኒት በማክዳ ኪስ ነበር። ጩኸቱ ቦርከናን ተሻግሮ ሄደ፤ ከማዶም መለሱልን። ያን ሰዓት፣ እውነቴን ነው፣ ደግ ሠርተናል ብዬ አመንኩ።

ድንኳኑ ከቁርስ በፊት ተተከለ። ሰው ከደሴ መጣ፣ ከሐይቅ መጣ። እትዬ ኖላዊት ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን እየመቱ ስለ ልጃቸው ያለቅሳሉ፤ እንዴት ድንች እንደሚወድ፣ እንዴት እሑድን እንደማያሳልፍ። ሴቶቹ ይቀበሏቸዋል። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ የድንኳኑን ነገር ለማስተካከል ቢሮ እደውል ነበር። ቅዳሜ ነው፤ የሚመልስ አልነበረም።

እኩለ ቀን ላይ ታፈሰ መጣ። የመንገድ ተቆጣጣሪ ነው፤ እዚሁ ሠፈር ያደገ። ኮፍያውን አውልቆ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ፤ ልቅሶው ጋብ እስኪል ጠበቀ። ከዚያ ገብቶ ጎንበስ አለና «እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ» አለ። ወደ ጋሽ ያብስራ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ድንኳን ውስጥ ግን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ሰው ሁሉ የሚያዳምጠው።

«ጋሼ፣ መንገዱን መክፈት አለብን። ፈቃዱ ግማሽ ቀን ነው።»

«የምን ግማሽ ቀን?» አለች ሶሊያና። «ከወልዲያ ለግማሽ ቀን ነው የመጣሁት?»

«በመልሳቸው መሠረት ነው። ሁለት ነው የሚለው።»

እትዬ ኖላዊት ቀና አሉ። «ምኑ ነው ሁለት?»

ታፈሰ እኛን አየን። ሊዋሽ አይችልም፤ ሲጠየቅ መመለስ አለበት። «ስለ አስናቀ ሐዘንዎ የመለሱት ነው እትዬ። ትናንት ጠዋት።»

«ትናንት ጠዋት ጠያቂ አልነበረኝም።» እጃቸውን ምንጣፉ ላይ አሳረፉ። «ማን ነው ለልጄ ሁለት የሰጠው?»

ጋሽ ያብስራ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «እኔ ሰባት ብዬ ነበር» አሉ። ሽማግሌው እንደ ልጅ ነበር የተናገሩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወደ ድምፄ ዞሩ። «አንተ?»

አጠገባቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥያቄውን፣ አጽናኟን፣ ለምን ሁለት መሆን እንደነበረበት። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «ቤት ተሳስቻለሁ ያለችው ልጅ ናት?» አሉ። «አዎ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቅር ያሉኝ ይሁን ወይም የገባቸው ብቻ አላወቅሁም።

ደጅ ላይ ሁለት ሰዎች የድንኳኑን ገመድ ይዘው ትዕዛዝ ይጠብቃሉ።

«አሁን እንደገና ሊጠየቁ ይችላሉ» አለ ታፈሰ። ሊረዳን ፈልጎ ነው። ጠያቂውን ከጋሽ ያብስራ ተቀብሎ እትዬ ኖላዊት ፊት አስቀመጠው።

«ከሰባት በላይ የለውም?» አሉ።

«የለውም እትዬ።»

«እንግዲያው ሰባት።» ጣታቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ያዝኩት።

«እትዬ፣ አይሆንም።» ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ። «ከሁለት ወደ ሰባት በአንድ ጊዜ ከዘለለ ወላዋይ መልስ ይባላል። ይጣላል፤ ሁለቱ ይጸናል። ድንኳኑ ይነሳል። በአንድ ሳምንት ከሁለት እርምጃ በላይ አይታመንም። አራት ይበሉ። በአራት ሦስት ቀን ይሰጥዎታል።»

ሶሊያና ሰማችኝ። «አራት!» አለች። «ወጥ ነው እንዴ ቅመሱልኝ ብላ ያቀረበችው? የማን እናት ናት ለሬሳ አራት የምትሰጠው? ወንድ ልጅ ቀብራ!»

«አልቀበርኩትም» አሉ እትዬ ኖላዊት። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «አላየሁትም። ያለኝ ይህ ድንኳን ነው።»

ከደሴ የመጡት አሮጊቶች እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። በመንገዱ ጫፍ ደግሞ ሌላ መኪና ቆሞ ሰው እየወረደ ነበር፤ ገና ሳያዩን ከሩቁ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ይላሉ። እትዬ ኖላዊት ድምፁን ወደሰሙበት ዞሩ።

ጠያቂው ጥያቄውን አነበበ፤ ረጋ ባለው ድምፅ፣ እኔ ባጸዳሁት ቃል። በልጅዎ በአስናቀ ሞት ምክንያት የደረሰብዎ ሐዘን የዕለት ኑሮዎን ምን ያህል ጎድቶታል?

«አራት» አሉ እትዬ ኖላዊት።

«ስለ መልስዎ እናመሰግናለን» አለ ጠያቂው።

ታፈሰ ከደጅ ላሉት ሰዎች በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ገመዱን ለቀቁት። ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆሞ አንድ ነገር መመዝገብ ጀመረ። እትዬ ኖላዊት የእኔን እጅ አልለቀቁም።

«ይበቃል?» አሉኝ።

«ይበቃል እትዬ።»

አዲሶቹ ልቅሶ ደራሾች እየጮኹ ገቡ። ሶሊያና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተነሳችና ደረቷን እየመታች ድምፅዋን ከፍ አደረገች። እትዬ ኖላዊትም ማልቀስ ጀመሩ፤ ከጠዋቱ በጣም ያነሰ፣ በአራት ልክ የተበጀ ልቅሶ። ከዚያ እጃቸውን ሰደው የእህታቸውን ቀሚስ ያዙ፤ ወደ ታች ሳቧት።

«ቀስ በይ» አሏት። «ሰውየው ገና አልሄደም።»